ያልፈረምኩት ወረቀትና የውርጩ ቁልቁለት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርዎ ሳል ለቀቀዎት ወይስ ሐኪም ቤት መሄዱን አሁንም ዛሬ ነገ እያሉ ነው? እማዬስ ዐይኗን ታየች? መነጽሩን ካዘዙላት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት እንዳይሆን። ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እጄም እግሬም ጤነኛ ነው፣ አንድ ጭረት እንኳ የለብኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እናንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ሌላ መሆኑን ስለሰማሁ ነው።

ወንድሜ ባለፈው እሑድ ደውሎ መልእክትዎን አንድም ቃል ሳያስቀር ነግሮኛል። «መኪና ገልብጣ፣ በሽተኞች መንገድ ላይ ጥላ ሄደች» የሚል ወሬ እንደደረስዎት፣ ሁለት ቀን እህል በአፍዎ እንዳልዞረ፣ በመጨረሻም «ይቅርታ ትጠይቅ፣ የሰጧትን ወረቀት ትፈርም፣ አንገቷን ደፍታ እንጀራዋን ትብላ» እንዳሉ ነገረኝ። አባባ፣ ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ያውቁታል። ግን አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም። በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ተቆጥተው ስልኩን ለእማዬ እንደሚያቀብሏት ስለማውቅ ነው። ደብዳቤን ግን መሀል ላይ ሊዘጉብኝ አይችሉም፤ ቢወረውሩት እንኳ ተመልሰው ማንሳትዎ አይቀርም። እንግዲህ ይቀመጡና ይስሙኝ።

እዚህ ባሕር ማዶ የምሠራበትን ያውቃሉ፤ ክረምቱ በረዶ የሆነ ከተማ ውስጥ ያለ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ከቀረባቸው ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፊታቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የእኔ ሥራ ከዳገቱ በላይ ካለው ሰፈር ሁለት ሰዎችን ጠዋት አውርዶ ከሰዓት መመለስ፣ በመሀል ደግሞ ከታችኛው ሰፈር ሌሎችን ማመላለስ ነው። ከዳገቱ ከማመጣቸው አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ከኋላ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ፣ ገና ሲገቡ ሰዓታቸውን አይተው «ዛሬ ሁለት ደቂቃ ሰርቀሽናል» ይሉኛል። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌና ክር ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ ማሽኑ አጠገብ ተኝታ እንኳ ነርሶቹን የጋዋናችሁን ቁልፍ አምጡ ላጥብቅላችሁ እያለች ታስቸግራቸዋለች። አለቃዬ የስምሪት ኃላፊው ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ግድየለም» ነው የሚለው። መኪና ታመመ ሲሉት ግድ የለም፣ ዘይት አነሰ ሲሉት ግድ የለም፣ ሾፌር አተኮሰው ሲሉት ግድ የለም።

መኪናዬ በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ሾፌሮቹ «ፎር ዊል» የሚሏት ናት። እርስዎ የሚያውቁት ፎር ዊል ከማርሹ አጠገብ ሌላ አጭር ዘንግ ያለው፣ ጭቃ ሲያዩ ቆመው የሚያስገቡት ነው። የዛሬዎቹ እንደዚያ አይደሉም። የእኔዋ ደረቅ መንገድ ላይ የምትጎትተው በፊት ጎማዎቿ ነው፤ የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። በየጎማው ላይ ዙር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለች። የፊቱ ጎማ በረዶ ረግጦ ባለበት መሽከርከር ሲጀምር መሣሪያዋ ነገሩን ትናገራለች። ያን ጊዜ ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች፣ በውስጧ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ ሳህኖች የተደረደሩባት ሳጥን ግጥም ብላ ትይዝና ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ታካፍላቸዋለች። ዐይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ አይቆይም። ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን የዲፈረንሻልን ጠባይ ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አንዱ ጎማ የሚያዳልጥ ነገር ከረገጠ ኃይሉን ሁሉ ለዚያው ለሰነፉ ይሰጠውና ደረቅ የረገጠው ቆሞ ያያል። ይህቺ ግን የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ ነጥላ ፍሬን ትይዝበታለች፤ ኃይሉም ወደ ባልንጀራው ይሻገራል። ዳገት ስትወጣ ቢያዩዋት ይስቁ ነበር፤ እንደ ፍየል እየቧጠጠች ነው።

ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። መሄድ ሌላ ነው፣ መቆም ሌላ ነው። በአራት ጎማ መጎተት የሚጠቅመው ለመነሣትና ለመውጣት ነው። ማቆም ላይ ሲመጣ የማንኛውም መኪና ፍሬን አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ፣ ፎር ዊል በመሆኗ ብቻ ከጎረቤታችን አሮጌ ታክሲ አትበልጥም። በረዶ ላይ የሚያቆም የጎማው ጥርስ ነው። እንዲያውም ዳገቱን ያለ ችግር ስለወጣች ሾፌሩ መንገዱ ደህና ይመስለዋል፤ ጉዱን የሚያየው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ከአደጋው ወር ገደማ በፊት ግድየለም አዲስ ጎማ አስመጣ። ሁለት ብቻ። ፊት ላይ አስገጠማቸውና የኋላዎቹን፣ ሙልጭ ያሉትን፣ እንዳሉ ተዋቸው። እኔ ጎማ ሲለጠፍ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እጄን ገና ሳሳርፍባቸው ልዩነቱ ገባኝ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከአዲሱ የበለጠ መዞር አለበት። ዙር ቆጣሪዋ ይህን ስታይ የሆነ ጎማ እያዳለጠ ይመስላታል። ሳጥኗም ደረቅ አስፋልት ላይ ሳይቀር ልያዝ ልልቀቅ ስትል ውላ ትግላለች፤ በጣም ስትግል ደግሞ እንዳትቃጠል ብላ ወደ ኋላ የሚሄደውን ኃይል ትቆርጠዋለች። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። አራት እግር አላት የተባለችው መኪና በሁለት እግሯ ቀረች ማለት ነው። መብራቱ በሁለተኛው ሳምንት በራ። የጉዞ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሜ ጻፍኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ መካኒካችን፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ስለሚናገር «ጆሮ» የምንለው ሽማግሌ፣ ከጽሑፌ ሥር ፊርማውን አኖረ። ግድየለም መዝገቡን አንብቦ ምን እንዳለ እንኳን እርስዎ ድመታችንም ታውቀዋለች።

ያ ማክሰኞ መጣ። ሌሊቱን የዘነበው በብርዱ ረግቶ መንገዱ መስታወት መስሏል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያ መብራት እንደገና ቦግ አለ፣ ከኋላ ይገፋኝ የነበረው ነገርም ጠፋ። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚተኛ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ፣ መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነ። እርስዎ በቃል ያስተማሩኝን አደረግኩ። ነዳጅ አላበዛሁም፣ መሪውን አላንገላታሁም። ጥግ ላይ የፈሰሰ ጠጠር ፈልጌ አንዱን ጎማ እሱን እያስረገጥኩ፣ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። ላይ ስደርስ በዚያ ውርጭ ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር።

መምህሩና ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተጠልለው ይጠብቁኛል። ወርጄ የኋላ ጎማዎቹን ዳሰስኩ፤ ሳሙና ናቸው። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ኋላው ይቀላል። ፊቱ አዲስ ጎማ ስላለው ይይዛል፣ ሙልጩ ኋላ አይይዝም። ፍሬን ስነካ ኋላዬ ፊቴን ቀድሞ ልሂድ ይላል ማለት ነው። ለግድየለም ደወልኩ። መብራቱ በርቷል፣ በእነዚህ ጎማዎች ሰው ጭኜ አልወርድም፣ ሌላ መኪና ላክልኝ አልኩት። «ፎር ዊል አይደለች እንዴ? ፎር ዊል አያዳልጣትም። ግድ የለም፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለኝ። አሁን ፎር ዊል አይደለችም፣ አሁን የታመመች መኪና ናት አልኩት። «መኪናዋ ሳትሆን አንቺ ነሽ የታመምሽው፤ ፍርሃት ነው የያዘሽ» አለኝ። ታች ሰፈር ሌሎች ሁለት በሽተኞች እየጠበቁ መሆኑን፣ መኪናዋን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካላደረስኩ ነገ እንዳልመጣ ነግሮኝ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አባባ፣ ያን ጊዜ ሁለቱን ሰዎች አየኋቸው። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አብጧል፤ ቅዳሜ ከታጠበች ወዲህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እንዳይቀሩ የግድ ነው፣ እንዳልጭናቸው ደግሞ የግድ ነው። እውነቱን ነገርኳቸው። መምህሩ «በደህና የመድረስ ዕድላችን ከመቶ ስንት ነው?» አሉኝ። አላውቅም፣ ግን እናቴን በዚህች መኪና ዛሬ አልጭናትም አልኳቸው። «እንግዲህ ሒሳቡ አለቀ» አሉና ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ።

ከዳቦ ቤቱ ጎን ወደ ታች የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ መምህሩ ቆጥረውታል፣ መቶ ስድሳ አራት ነው። የብረት መደገፊያ አለው፣ ዳቦ ጋጋሪውም ለደንበኞቹ ብሎ በማለዳ የምድጃውን አመድ በትኖበት ነበር። ዳቦ ጋጋሪውንና ወንድሙን ለመንኳቸው። ሁለቱ መምህሩን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ዱቄት እንደነካቸው፣ ተሸክመው ወረዱ። መምህሩ ወንበራቸው ላይ ሆነው እርምጃ ይቆጥሩላቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ብረቱን በአንድ እጇ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት በሌላ እጇ ይዛ፣ በየአሥሩ ደረጃ እያረፈች ወረደች። ማዕከሉ ከደረጃው ግርጌ ሩቅ አይደለም። አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ደረሱ፤ ሁለቱም ታጠቡ። «በሽተኞች መንገድ ላይ ጥላ ሄደች» የተባለው ይህ ነው። አዎ፣ ከመኪናዬ አውርጃቸዋለሁ። ነገም እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ አወርዳቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን ሲሰሙ ቢቆጡኝ አልቀየምዎትም። ባዶዋን መኪና ይዤ ወረድኩ። መቆለፍና መተው ነበረብኝ። የግድየለም ስድብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ፣ ታች የሚጠብቁት ሁለቱም አሳዝነውኝ፣ ብቻዬን ከሆንኩ አንገቱ የራሴ ነው አልኩ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ የምቀበለው ጥፋት ይሄ ብቻ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው የምሄደው። ት/ቤቱ አጥር ጋ ያለው ኩርባ ላይ ፍሬኑን እንደ እንቁላል ነካሁት። ኋላዬ ተነቅሎ ሄደ። ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ መሪውን ኋላው ወደሚሄድበት አዞርኩ፣ የፊት ጎማዎቹ እንዲጎትቱኝ ትንሽ ነዳጅ ሰጠኋት። ልትስተካከል ጥቂት ሲቀራት ቀኝ ጎኗ ከድንጋዩ አጥር ጋር ተላተመ። አልተገለበጠችም። ቆመች። ወርጄ ሳይ የኋላው የቀኝ በር ወደ ውስጥ ገብቶ መቀመጫውን ገፍቶታል። መምህሩ የሚቀመጡበት ነው። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ግድየለም ለመጀመሪያ ጊዜ ግድ የሰጠው ያን ቀን ነው፤ ታች ሰፈር ይጠብቁ የነበሩትን ሁለቱን በታክሲ አስመጣቸው። በማግስቱ ቢሮው ጠርቶ የተተየበ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ሰጠኝ። «በጥንቃቄ ጉድለት ንብረት አበላሽቻለሁ፣ ታካሚዎችንም ያለ በቂ ምክንያት ከተሽከርካሪ አስወርጃለሁ» ይላል። ስለ ጎማው አንድ ቃል የለም። ከፈረምኩ በማስጠንቀቂያ ብቻ እንደሚያልፍልኝ፣ ካልፈረምኩ ሥራዬን እንደማጣ ነገረኝ። ድምፁ ለስልሶ «ለአንቺ ብዬ ነው፣ አንድ ፊርማ ምን አላት?» አለኝ።

አንድ ፊርማ ምን እንዳላት እኔ አውቃለሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝና ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ የማያውቀውን ነገር ላንሳ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሲሚንቶ ጭነው ድልድዩ መዳረሻ ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ከገቡበት ገደል በሕይወት የወጡ ሰሞን፣ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» የሚል ወረቀት ይዘው ነበር። እስክሪብቶ ፈለጉ፤ ከደብተር ቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ፈረሙ። ከዚያ በኋላ መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ቁጭ ብለው የሰው ጎማ ሲለጥፉ ኖሩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ የያኔው ረዳትዎ ነገሩኝ። ዐይንዎን ሳይከድኑ እንደነዱ፣ ጎማው እንዲቀየር ሦስት ጊዜ እንደጠየቁ፣ ሦስቴም «ይቺን ጉዞ ብቻ» እንደተባሉ። ስድስት አፍ ሊመግቡ ፈረሙ። ያሳደገኝ ያ ፊርማ ነው፤ አልኮንንዎትም። ግን ጎረቤት «ተኝቶ የገደል ሲሳይ ሊሆን የነበረው» ብሎ ሲያማዎት እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እርስዎም አንድ ቀን «ውሸት ነው» ብለው መልስ ሰጥተው አያውቁም። የግድየለምን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። «አልፈርምም። የፈለግከውን አድርግ» አልኩትና በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ከሥራ ታገድኩ። በዚያ መሀል የተነሣው ወሬ ነው ዘግይቶ ባሕር ተሻግሮ እናንተ ጋ የደረሰው። እኔም ቁጭ አላልኩም። የማዕከሉ ዋና ሐኪም ቁጥብ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን «አሥር ደቂቃ አለሽ» አሉኝ። ቢሮ ውስጥ አልናገርም፣ ጓሮ ይውረዱልኝ አልኳቸው። ጸሐፊያቸው ደነገጠች። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ደርበው ወረዱ፤ ግድየለምም ተከትሏቸው መጣ።

መኪናዋ ጓሮ እንደቆመች ናት፤ ጎማዎቿን ማንም አልነካቸውም። ጆሮ ጠመኔ ይዞ ጠበቀኝ፤ ልብስ ሰፊዋም የእጥበት ቀኗ ነበርና ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። መጀመሪያ የሁለቱን ጎማዎች ዙሪያ ለካሁ። ሜትሩ ስለማይበቃ ሁለቴ እየቀጠልኩ ነው። የኋላው ከፊቱ በአራት ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ግድየለም ሳቀ። «በአራት ሳንቲ ሜትር ሰው ይሞታል እንዴ?» አለ። የፊቱም የኋላውም ጎማ መሬት የነካበት ላይ ጠመኔ ቀባሁና ማርሹን ነፃ አድርጌ እኔ፣ ጆሮና ዘበኛው መኪናዋን ገፋናት። የፊቱ ጎማ አሥር ዙር ሞልቶ ጠመኔው መሬት ሲነካ አቆምናት። «አሁን የኋላውን ይዩልኝ» አልኳቸው። የኋላው ጠመኔ መሬቱን ካለፈ ቆይቷል፤ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ዶክተሯ ጎንበስ ብለው አዩት። በአሥር ዙር ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ከዚህ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ስንት ዙር ነው አልኳቸው። በመሀላቸው ያለችው ሳጥን ይህን ሁሉ ልዩነት በሰውነቷ ችላ ስትግል ኖራ እንደ ለቀቀች፣ ከለቀቀች በኋላም መኪናዋ ፎር ዊል በስሟ ብቻ እንደሆነች አስረዳኋቸው። የተጨረማመተውን በር ከፍቼ «ይህ ደግሞ የመምህሩ ወንበር ነው» አልኩ።

ዶክተሯ የጉዞ መዝገቡን እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ሦስቱንም ገጽ፣ የጆሮን ፊርማ ጭምር አነበቡ። ከዚያ ወደ ግድየለም ዞረው «ይህን አንብበኸው ነበር?» አሉት። አባባ፣ ሰውየው ግድ የለም ሊል አፉን ከፍቶ መለሰው፤ በዐይኔ አየሁ። መምህሩም በመስኮት ሲሰሙ ቆይተው ኖሮ፣ ክንዳቸው ማሽኑ ላይ እንደታሰረ «እኔ ከሌላ ሾፌር ጋር አልወርድም! ደረጃው ይሻለኛል!» ብለው ጮኹ። ነርሷ ደም ግፊትዎ ይጨምራል እያለች ስትለማመጣቸው ከታች ይሰማ ነበር።

ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አላታልልዎትም። ግድየለም ዛሬም የስምሪት ኃላፊ ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጠኝ ያልፋል፣ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። ባዶ መኪና በማውረዴ ግሣጼ ተጽፎብኛል፤ እሱን ፈርሜ ተቀብያለሁ፣ እውነት ነውና። ያኛው ወረቀት ግን ተቀደደ። ለመኪናዋ አራት አንድ ዓይነት የክረምት ጎማ ገባላት። መዝገቡም ላይ አዲስ መስመር ታተመ፤ ሾፌሩ «መንገዱ ወይም መኪናው አይሆንም» ካለ ሰው እንዲጭን አይገደድም ይላል። ሌሎቹ ሾፌሮች በሹፈት የእኔን ስም ሰጥተውታል፤ ሲያዳልጥ ግን ሁሉም ይጠቀሙበታል።

ዛሬ ጠዋት መንገዱ እንደዚያ ማክሰኞ ረግቶ ነበር። ወጣሁ፤ መኪናዋ አራቱንም እግሯን አግኝታ ሳትንገዳገድ ወጣች። ከሁለቱ ጋር ስወርድ በሰው እርምጃ ነው የወረድኩት፤ ጥሩ ጎማ ቢኖረኝም በረዶ በረዶ ነው። ከኋላዬ አንድ ትልቅ ፎር ዊል ጥሩንባውን ሲያንባርቅብኝ ቆይቶ በቁጣ ቀድሞኝ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ «ፍጠኚ እያለሽ ነው» አለችኝ። «ይበል» አልኳት። ኩርባው ላይ ስንደርስ ሰውየው አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀርቅሮ፣ ደህና ሆኖ፣ አራቱንም ጎማ በከንቱ ሲያሽከረክር አገኘነው። መምህሩ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰዓታቸውን አሳዩት።

አባባ፣ አሁን የምልዎትን ትእዛዝ ብለው አይውሰዱብኝ፣ ልመና ነው። አንድ ቀን ወንድሜን አጠገብዎ አስቀምጠው ድልድዩ ጋ የሆነውን ራስዎ ይንገሩት። እሱ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። እኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ግን ከአፍዎ ይስማው። ያ መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ዘመን የለውም፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርግዎትም። ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝን ምክር ደግሞ በክብር አኑሬዋለሁ፤ አልፈጽመውም እንጂ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ መነጽሯን አድርጋ ይህን ራሷ ታንብበው፣ በእርስዎ ሲነበብላት ቁጣውን ዘልለው እንደሚያነቡላት አውቃለሁ። ለወንድሜ፣ ወሬ ሲያደርስ ጨው እንዳይጨምርበት ንገሩት፤ ቢሆንም ናፍቆኛል። ትንሿ እህቴ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላለች አሉኝ፤ ታውጣ፣ ማንም እንዳይከለክላት፣ እርስዎም ቢሆኑ። አክስቴ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ሰላም በሉልኝ። ረዳትዎ የነበሩት ጋሼ በመንገድ ካገኙዎት እጃቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ሰላም ይበሉልኝ፤ ምክንያቱን እሳቸው ያውቁታል። ጎረቤት ስለ እኔ ከጠየቀዎት፣ መኪና አልገለበጠችም፣ ሥራዋ ላይ ናት ይበሉ። እርስዎንም ከነወገብዎ፣ ከነሳልዎ፣ ከነቁጣዎ በብርቱ ናፍቄያለሁ።

ከሾፌሮች ማረፊያ ክፍል፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በወሩ በዐሥራ አራተኛው ቀን

ልጅዎ፣
ዐይኑን ሳይከድን የነዳው ሾፌር ልጅ